የትምህርት ቤት ዮጋ፦ ለልጆቹ ምን ይጠቅማል? እኛስ ምን ማወቅ አለብን?

የዚህ ጊዜ ትምህርታችን ከሥራችን የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችንን በየምንሠራበት ቤት እየገጠመን ያለ ጉዳይ ነው። የምንንከባከባቸው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ዛሬ ዮጋ ነበረን» ይሉናል። ከቦርሳቸው ጋር የተጠቀለለ ምንጣፍ ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዷ እህት «ይህ የጣዖት አምልኮ አይደለም ወይ?» ብላ ትጨነቃለች። ሌላዋ «ስፖርት ነው፤ ምን ችግር አለው?» ትላለች። ማዳሟ «አንቺም ከልጅቷ ጋር አብረሽ ሥሪ» ብላት እሺም እምቢም ማለት ያቃታት እህትም አለች።

እኔም በቤሩት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ስኖር ይህ ጥያቄ ደርሶብኛል። በምሠራበት ቤት ከአራት ዓመቷ ጀምሮ የተንከባከብኋት ልጅ አለች፤ አሁን 15 ዓመቷ ነው። በ2020 የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ ቤት ውስጥ ነበርን። ከዚያ ወዲህ በር በኃይል ሲዘጋ ትደነግጣለች፤ ሌሊትም እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ትምህርት ቤቷ የዮጋ ክፍለ ጊዜ ሊጀምር ሲል ለወላጆች የፈቃድ ወረቀት ላከ። ልጅቷም ወረቀቱን ይዛ ወጥ ቤት መጥታ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ከመፍረዴ በፊት ልወቅ ብዬ አነበብሁ፤ የሚያውቁትንም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን በየተራ ላካፍላችሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ዮጋ ከየት መጣ?

«ዮጋ» የሚለው ቃል ሳንስክሪት ከሚባለው የህንድ ጥንታዊ ቋንቋ የመጣ ነው። ትርጉሙ ማጣመር፣ ማገናኘት ማለት ነው፤ በሬዎች በቀንበር እንደሚጠመዱ ዓይነት። በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ መጽሐፍ ዮጋን በስምንት ክፍሎች ያስተምራል። ከስምንቱ ውስጥ የሰውነት አቀማመጥ አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ስለ ሥነ ምግባር፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለ ትንፋሽና ሐሳብን ስለ መሰብሰብ ናቸው። ስለዚህ የዮጋ ሥር በህንድ ሃይማኖታዊ ሕይወት ውስጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ዛሬ በትምህርት ቤቶች የምናየው እንቅስቃሴ ግን በአብዛኛው መልኩን የያዘው በቅርብ ጊዜ ነው። በ1930ዎቹ በደቡብ ህንድ በማይሶር ከተማ ክሪሽናማቻርያ የሚባል መምህር በገዢው ድጋፍ ወጣት ወንዶችን ያስተምር ነበር። ከእርሱ ከተማሩት አንዱ አይየንጋር ነው። አይየንጋር ልጅ ሳለ ወባ፣ ታይፎይድና ሳንባ ነቀርሳ ያዳከሙት በሽተኛ ነበር። በ1934 ወደ ማይሶር ሲመጣ ገና 15 ዓመቱ ነበር። በኋላ ግን በዓለም የታወቀ የዮጋ መምህር ሆነ፤ በ2014 ሲሞትም 95 ዓመት ሞልቶት ነበር። ዮጋ ለወጣቶች የተሰጠው ዛሬ በእኛ ዘመን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በ2014 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጁን 21 ቀን የዓለም ዮጋ ቀን እንዲሆን ወሰነ። እኛ ባለንበት አካባቢም ነገሩ ተለውጧል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት እንቅስቃሴ ተቀብላ ፈቃድ እንዲሰጥበት አድርጋለች። ለዚህም ብዙ የደከመችው ኑፍ አል መርዋዒ የምትባል ሳዑዲያዊት ናት፤ በ2018 የህንድ መንግሥት «ፓድማ ሽሪ» የተባለውን ሽልማት ሰጥቷታል።

2. ትምህርት ቤቶች ለምን አስገቡት?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ጭንቀት፣ የመንፈስ መረበሽና ድብርት በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ይጀምራሉ። እኛ በቤት ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ምሳውን ሳይነካ የሚመልሰውን ልጅ የምናየው እኛ ነን። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልክ ላይ የምታፈጥጠውን ልጅ፣ ትራሷ በእንባ የረጠበውን ልጅ የምናውቀው አልጋ የምናነጥፈው እኛ ነን።

በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። ከተማዋ ድህነትና የጠመንጃ ግድያ የበዛባት ናት። በ2001 ሁለት ወንድማማቾችና አንድ ጓደኛቸው የሕፃናትና የወጣቶች ማኅበር መሠረቱ፤ ለሰፈራቸው ልጆችም ዮጋና የትንፋሽ ልምምድ ማስተማር ጀመሩ። ፓተርሰን በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በድምፅ ማጉያ እየተመሩ በጋራ የሚያርፉበትና የሚተነፍሱበት ጊዜ ተመደበ። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጅ ሲጣላ ወይም ሲበጠብጥ ወዲያው ቅጣት ከመስጠት ይልቅ ጸጥ ወዳለ ክፍል ይላካል። እዚያ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተቀምጦ ይተነፍሳል፤ የሆነውንም ይናገራል። ከዚያ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ልጁን የሚረዳው ምንጣፉ ብቻ አይደለም። «ምን ሆንክ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው መኖሩም ነው።

3. ሃይማኖት ነው ወይስ ስፖርት?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። የአላባማ ክፍለ ግዛት በ1993 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዮጋ እንዳይሰጥ ከልክላ ነበር። ከ28 ዓመት በኋላ በ2021 ጄረሚ ግሬይ የሚባሉ የምክር ቤት አባል ያቀረቡት ሕግ ጸደቀና ክልከላው ተነሣ። ሰውየው ዮጋን የተማሩት የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወቱ ነው። ሕጉ ግን ድንበር አበጀለት። የእንቅስቃሴዎቹ ስም በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን፣ የሃይማኖት ዜማና ድግምት የመሰለ ቃል አይኑር፣ «ናማስቴ» የሚለው ሰላምታም አይባል ይላል። ከሁሉ በላይ ወላጅ ፈርሞ መፍቀድ አለበት፤ ልጁም አልፈልግም ካለ ሌላ እንቅስቃሴ ይሰጠዋል።

በካሊፎርኒያ በኤንሲኒታስ ከተማ ደግሞ ወላጆች ትምህርት ቤቶቹን ከሰሱ። «ልጆቻችንን ሌላ ሃይማኖት እያስተማራችሁ ነው» አሉ። ዳኛው በ2013 ሲፈርዱ የዮጋ ሥር ሃይማኖታዊ መሆኑን ተቀበሉ። ሆኖም በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት ሃይማኖት አይደለም ብለው ወሰኑ፤ በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤትም ይህንኑ አጸና። በህንድም ቢሆን ሁሉም አንድ አሳብ የለውም። በ2017 ዮጋ በትምህርት ቤቶች ግዴታ ይሁን የሚል አቤቱታ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ፍርድ ቤቱ ሳይቀበለው ቀርቷል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1989 ስለ ጸሎት ባወጣችው ደብዳቤ ይህን ጉዳይ አንሥታለች። አሳቡን በአጭሩ ብናስቀምጠው እንዲህ ነው፦ ከሌላ ቦታ የመጣ ልምምድ የሚጠቅም ነገር ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን በሰውነት ዘና ማለት የሚመጣውን ጥሩ ስሜት ከመንፈስ ቅዱስ መጽናናት ጋር ማምታታት አይገባም። ሰውነትን ማሳረፍ አንድ ነገር ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር ሌላ ነገር ነው። ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤና ሙስሊም የሆናችሁ እህቶችም ኅሊናችሁ ካልተረጋጋ የራሳችሁን አባት ወይም ሼክ ጠይቁ። ማዳም «አብረሽ ሥሪ» ስትላችሁም «ይቅርታ ማዳም፣ እኔ ይህን አልሠራም፤ ግን አጠገቧ እቀመጣለሁ» ብሎ በትሕትና መመለስ ነውር የለውም።

እኔ ወረቀቱን ከእናትየው ጋር ሳይ ሦስት ነገር እንድትጠይቅ ነገርኳት። እናንተም ብትጠየቁ ይጠቅማችኋል።

ሀ. ልጆቹ የሚደግሙት የጸሎት ቃል ወይም ዜማ አለ?
ለ. ልጅቷ «ይህን አልሠራም» ብትል ያለ ቅጣት ይፈቀድላታል?
ሐ. አስተማሪው የልጆቹን ሰውነት እየነካ ያስተካክላል? የሚነካ ከሆነስ አስቀድሞ ያስፈቅዳል?

ሦስተኛው ጥያቄ ትልቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ በሰውነቷ ታፍራለች። ማንም ሰው ሳያስፈቅዳት ሊነካት እንደማይገባ ከትልልቆች መስማት አለባት።

4. በእውነት ይጠቅማል?

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በገጠር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥናት ተደርጎ በ2012 ታትሟል። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል 51 ተማሪዎች በዕጣ ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ዮጋ፣ ሌሎቹ የተለመደውን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለ10 ሳምንት ተማሩ። በመጨረሻ የዮጋዎቹ ልጆች ስሜት ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ የሌሎቹ ግን እየከፋ ሄዶ ነበር። ይሁንና በተለኩት ነገሮች ሁሉ ላይ ልዩነት አልታየም፤ የልጆቹም ቁጥር ትንሽ ነው።

ሌላም አለ። በእንግሊዝ አገር የተደረገ ትልቅ ጥናት ከዮጋ ጋር የሚቀራረበውን ልምምድ ፈትኗል፤ እርሱም ጸጥ ብሎ ትንፋሽንና ሐሳብን መከታተል ነው። በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ተማሪዎች ተሳተፉ። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ ይህ ትምህርት ትምህርት ቤቶቹ ቀድሞ ከሚሰጡት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። አብዛኞቹ ልጆችም ቤታቸው ሄደው አልተለማመዱትም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ዮጋ ልጅን የሚያረጋጋ አንድ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ልጅ የሚሠራ መድኃኒት ግን አይደለም። ልጁ ካልወደደው፣ በግድ ከሆነ ወይም በቤቱ ሰላም ከሌለ በሳምንት አንድ ሰዓት ብዙ አይለውጥም።

በልጅቷ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» ስትል ልጅቷ ደረቷ ታፈነ፤ ከክፍል ወጣች። ፍንዳታ ወይም ድብደባ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ በሰው መካከል ዓይኑን መጨፈን ይፈራል። እናትየው ሄዳ ስትነግራቸው አስተማሪዋ «ዓይንሽን ገልጠሽ ወለሉን እያየሽ ሥሪ፤ ቦታሽም በሩ አጠገብ ይሁን» አለቻት። ከዚያ በኋላ መቆየት ቻለች። እህቶቼ፣ ይህ ለእኛም ይሠራል። ከመካከላችን ክፉ ነገር ያየን አለን። ጸጥ ስንል የባሰ የሚረብሸን ከሆነ ዓይናችንን ገልጠን፣ መሬት ረግጠን፣ የምናየውን ዕቃ አንድ በአንድ እየጠራን መተንፈስ እንችላለን።

5. ትንፋሽ በሰውነታችን ላይ ምን ይሠራል?

ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ሆድ ይታሰራል። አደጋው ካለፈ በኋላ ሰውነትን የሚያሳርፈው ሌላ የነርቭ ክፍል ነው። እርሱም ከአንጎል ተነሥቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ በሚወርድ ነርቭ ይሠራል። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን ማስረዘም ልብን ያረጋጋል። ይህ የማንም ሃይማኖት ምሥጢር አይደለም፤ ሰውነታችን የተፈጠረበት ሥርዓት ነው።

እንዲህ አድርጉ፦ ወንበር ላይ ወይም አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እግራችሁ ወለሉን ይንካ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ። እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ትንፋሻችሁን አትያዙ። ይህን ለ3 ደቂቃ ያህል ድገሙት። ካዞራችሁ አቁሙና እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ።

ለወገባችንም አንድ ነገር ልጨምር። ወለል ስንወለውል እንደምንንበረከከው በእጃችንና በጉልበታችን እንቁም። አየር ስናስወጣ ጀርባችንን ድመት እንደምታደርገው ወደ ላይ እናጉብጥ፤ ስናስገባ ቀስ ብለን ወደ ታች እንመልስ። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ከተኮሱ በኋላ ወይም ማታ ከመኝታ በፊት ጥሩ ነው። ሕመም ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ፣ እግር የሚደነዝዝ ከሆነ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ።

6. በምንሠራበት ቤት ድንበራችን የት ነው?

ልጆቹ ይወዱናል፤ ብዙ ጊዜም ለወላጆቻቸው የማይነግሩትን ለእኛ ይነግሩናል። ቢሆንም የፈቃድ ወረቀት የሚፈርሙት ወላጆች ናቸው። ልጁን በሥውር «አትሂድ» ማለትም ሆነ «ሂድ» ማለት አይገባንም። በሃይማኖት ነገር በልጅ በኩል ከወላጅ ጋር የተጋጨች እህት ሥራዋን ልታጣ ትችላለች፤ ከዚያም አልፎ ልጁ በሁለት ትልልቆች መካከል ይጨነቃል።

አንድ ነገር ግን ዝም አይባልም። ባለፈው ክረምት ልጅቷ ማታ ወጥ ቤት መጥታ አብረን ስንተነፍስ ቆየን። ከዚያ «ባልነሣ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «ለእናቴ እንዳትነግሪ» ብላም ለመነችኝ። እኔም «እወድሻለሁ፤ ስለዚህ ይህን ብቻዬን አልይዘውም» አልኋት። በዚያው ሌሊት እናትየውን «ማዳም፣ ላዚም ኢህኪ መዓኪ» አልኋት፤ ላናግርሽ ይገባል ማለት ነው። ልጅቷ የተናገረችውንም ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነገርኳት። ወላጆቿ ወደ ባለሙያ ወሰዷት። እርሷ ለሁለት ሳምንት ያህል አኮረፈችኝ፤ ቡና እንኳ ስሰጣት ፊቷን ታዞር ነበር። አሁን ሕክምናዋን ትከታተላለች። ዮጋውንም አልተወችም፤ እኔንም ታናግረኛለች።

ስለዚህ ልጅ ስለ ሞት ቢያወራ፣ ሰውነቱን ቢቆርጥ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ቢያድል፣ ብዙ ቀን ባይበላና ባይተኛ በትንፋሽ ልምምድ ብቻ አንለፈው። በዚያው ቀን ለወላጅ እንናገር። ልጁን ብቻውን አንተወው፤ መድኃኒትና ስለት ያለበትንም ቦታ ለወላጅ እንጠቁም። ምሥጢር መጠበቅ መልካም ነው፤ ነፍስ መጠበቅ ግን ይበልጣል።

7. በአገር ቤት ላሉት ልጆቻችን

ብዙዎቻችን የሌላ ሰው ልጅ እያሳደግን የራሳችንን ልጅ በስልክ ነው የምናሳድገው። በአገራችን ትምህርት ቤት ዮጋ ባይኖርም የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያስጨንቀው፣ እናቱ የናፈቀችው ልጅ አለ። ስንደውል መጀመሪያ «ውጤትህ ስንት ነው? ገንዘቡ ደረሰ ወይ?» ከማለታችን በፊት «እንቅልፍ እንዴት ነው? ማን ጋር ትጫወታለህ?» እንበል። ለልጄ በስልክ አራት ለማስገባት፣ ስድስት ለማስወጣት እየቆጠርሁላት አብረን እንተነፍሳለን። መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ አሁን ከፈተና በፊት ራሷ «እማ፣ ቁጠሪልኝ» ትላለች። ይህ የእኔን መራቅ አይተካም። ስለዚህ ከአክስቷ ጋር ተነጋግሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብላ እንድታጫውታት አደራ ብያታለሁ። በአካል አጠገባቸው ያለ፣ የሚያምኑት አንድ ትልቅ ሰው እንዲኖራቸው ማድረግ ከሩቅ ሆነን ልንሠራው የምንችለው ትልቅ ሥራ ነው።

ለመወያየት የሚረዱ ጥያቄዎች

በዕረፍት ቀናችሁ ስትገናኙ እነዚህን ተነጋገሩባቸው።

— በምትሠሩበት ቤት ያለው ልጅ የሚጨነቅ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ለማንስ ትነግራላችሁ?
— ሰውነትን በማሳረፍና በመጸለይ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ቃል እንዴት ትገልጹታላችሁ?
— ማዳም ኅሊናችሁ የማይቀበለውን ነገር ብትጠይቃችሁ ሳታስቀይሙ እንዴት ትመልሳላችሁ? ሁለት ሁለት ሆናችሁ በዓረብኛ ተለማመዱት።
— በአገር ቤት ያለው ልጃችሁ ሲከፋው የሚሄድበት ሰው አለው? ከሌለው በዚህ ሳምንት ለማን ልትደውሉ ትችላላችሁ?